ማይኩን ከመምረጣችሁ በፊት ክፍሉን አዳምጡ

«ይሄን ማይክ ልግዛ?» የሚል መልእክት ይደርሰኛል፤ ከሥሩ የአንድ የሚያብረቀርቅ ኮንደንሰር ማይክ ፎቶ። መልሼ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። የት ነው የምትቀዳው? ምንድን ነው የምትቀዳው? ማይኩ ከአፍህ ምን ያህል ይርቃል? ጠያቂዬ እዚህ ላይ ይሰለቻል። የፈለገው «አዎ፣ ግዛው» የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው። በብዛት የሚመጡልኝ ዘፋኞችና መጽሐፍ የሚተርኩ ሰዎች ናቸው፤ ጊታር፣ ፒያኖና ቫዮሊንም እቀዳለሁ። የኮንደንሰር ማይክ ዓይነት ዛሬ ለዓይን የሚያታክት ነው። ሰው ሲጨንቀው ስም ይዞ ይሮጣል። እኔ ከክፍሉ እጀምራለሁ፣ ወደሚቀዳው ድምፅ እሄዳለሁ፣ ከዚያ የማይኩ መለኪያዎች የተጻፉበትን ወረቀት አነባለሁ። ስሙ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ውስጡ ምን አለ

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ። ኮንደንሰር ማይክ ውስጥ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ በጣም ስስ ሽፋን አለ። ዲያፍራም ይባላል። ብዙውን ጊዜ ወርቅ የተቀባ ፕላስቲክ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እንኳ ያንሳል። ከኋላው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ሳህን ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለ። ድምፅ ሽፋኑን ሲገፋው ርቀቱ ይለወጣል፤ ርቀቱ ሲለወጥ ቮልቴጁም ይለወጣል። በኬብሉ የሚወጣው ይሄ ለውጥ ነው።

ዳይናሚክ ማይክ ላይ ግን ከሽፋኑ ጋር የተጣበቀ የሽቦ ጥቅል አለ። ሽፋኑ ያንን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚንቀሳቀሰው። ኮንደንሰር ይሄ ሸክም የለበትም። ለዚህ ነው ጥፍር የጊታር ክር ላይ የሚያርፍበትን ቅጽበት፣ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት የሚስባትን ትንፋሽ ጥርት አድርጎ የሚይዘው። የወንበር ሲጥታም አይቀረውም።

ሽፋኑና ሳህኑ አንድ ላይ ካፕሱል ይባላሉ፤ ካፕሱሉ የሚያወጣው ምልክት በጣም ደካማ ስለሆነ እዚያው ማይኩ ውስጥ ትንሽ ማጉያ ያስፈልገዋል። ማጉያው ኃይል ይፈልጋል። 48 ቮልት ፋንተም ፓወር የምንለው በዚያው ኤክስኤልአር በሚባለው የማይክ ኬብል ወደ ማይኩ የሚሄደው ኃይል ነው። ቁጥሩ ለምን 48 ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1966 የጀርመኑ ማይክ አምራች ኖይማን ኬኤም 84 የሚባለውን ማይክ ለኖርዌይ ብሔራዊ ሬዲዮ ሲሠራ፣ ስቱዲዮዎቹ ውስጥ ለድንገተኛ መብራት የተዘረጋ 48 ቮልት ነበራቸው። እሱን ተጠቀሙ። ዓለም ሁሉ ተከተላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ። «ኤሌክትሬት ነው፣ ተወው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ኤሌክትሬት ማለት ቻርጁ በፋብሪካ እዚያው ቁሱ ላይ እንዲቀር የተደረገበት ኮንደንሰር ነው። ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1962 የሠሩት ነው። በአንድ ወቅት ርካሽ ካሴት መቅጃዎች ላይ ስለተገጠመ ስሙ ጠፍቷል እንጂ፣ ዛሬ እንደ ዲፒኤ ያሉ ኩባንያዎች ኦርኬስትራ የሚቀዳባቸውን ማይኮች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። በዚህ ምክንያት ማይክ አትጣሉ።

ክፍሉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማይኩን ልታቆሙ ባሰባችሁበት ቦታ ቁሙና አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ ምን ተከተለ? «ጥፍ» ብሎ ካለቀ እሰየው። «ዝርርር» የሚል ብረት ብረት የሚል ጭራ ካለው፣ ድምፁ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ያ ጭራ እያንዳንዱ ቃል ላይ ይለጠፋል። ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ በየትኛውም ፕሮግራም በቅጡ አይወጣም።

ከዚያ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ፍሪጅ፣ የኮምፒውተር ፋን፣ የጎረቤት ፓምፕ፣ የመንገድ ጉምጉምታ። ጆሯችን ለምዷቸው ትቷቸዋል። ያላችሁን ማንኛውንም መቅጃ አብርታችሁ አንድ ደቂቃ ዝምታ ቅዱና በሄድፎን ጮክ አድርጋችሁ ስሙት። የቤታችሁ ጉድ ያኔ ይወጣል።

«ኮንደንሰር ክፍሉን ይስባል፣ ዳይናሚክ አይስብም» ሲባል ትሰማላችሁ። ግማሽ እውነት ነው። ሁለቱ ማይኮች አቅጣጫ አመራረጣቸው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ከአፍ እኩል ከራቁና የድምፁ መጠን ከተስተካከለ፣ ከክፍሉ የሚወስዱት ድርሻ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአጠቃቀማችን ነው። ዳይናሚኩን አፋችን ላይ እንለጥፈዋለን፤ ኮንደንሰሩን ግን ከክንድ ርቀት ላይ አቁመን እንዘፍናለን። በዚያ ላይ ኮንደንሰሩ ላይኛውን ድምፅ፣ ማለትም ቀጭኑን፣ አጥርቶ ስለሚሰማ የክፍሉን ማሚቶም አጥርቶ ያቀርበዋል።

ስለዚህ ርቀት ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ያውም ነፃ። ከማይኩ 40 ሴንቲሜትር ርቆ የነበረ ሰው ወደ 20 ቢጠጋ ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይጨምራል። የክፍሉ ማሚቶ ግን እዚያው ባለበት ይቆያል። ብዙ ሰው ማይክ በመቀየር የሚፈልገውን ለውጥ አንድ እርምጃ በመጠጋት ያገኘዋል።

ሌላው ሁሌም የማየው ነገር ስፖንጅ ነው። ሰው ስስ ስፖንጅ ገዝቶ ከማይኩ ጀርባ ይለጥፋል። ካርድዮይድ የሚባለው፣ ከፊቱ የሚሰማው ማይክ ግን ጀርባው ደንቆሮ ነው። የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው፤ ከፊቱ ያለው ዘፋኙና ከዘፋኙ ኋላ ያለው ግድግዳ ነው። ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ካላችሁ ከዘፋኙ ጀርባ ስቀሏቸው፤ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ ደግሞ የበለጠ ይሠራሉ። ስሱ ስፖንጅ የሚውጠው ላይኛውን ብቻ ነው። የታችኛው ጉምጉምታ እንዳለ ይቀርና ቀረጻው ቁም ሳጥን ውስጥ የተደረገ ይመስላል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ክፍሉ አሁንም ጩኸታም ከሆነ፣ ኮንደንሰር አትግዙ። ጥሩ ዳይናሚክ ገዝታችሁ ቀርባችሁ ቅዱ። ማይክ ምረጥልኝ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ይሄን ስነግረው ደስ አይለውም፤ ግን መልሱ እሱ ነው።

ትልቅ ወይስ ትንሽ

ትልቅ ዲያፍራም የሚባለው ስፋቱ 25 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ነው። ትንሹ ከዚያ በግማሽ ያህል ያንሳል፤ ብዙውን ጊዜ በእርሳስ ቅርጽ ይመጣል። ትልቁን ማይክ የምናናግረው ከጎኑ ነው፤ የኩባንያው ምልክት ባለበት በኩል። ጫፉ ላይ የሚዘፍን ሰው ዛሬም አያለሁ፤ ከዚያ «ማይኩ ደብዛዛ ነው» ይላል። እርሳስ የሚመስለውን ግን በጫፉ ነው።

«ትልቁ ባስ ይበልጥ ይይዛል» የሚለውን እርሱት። ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰማ (ኦምኒ) ትንሽ ማይክ እስከ 20 ሄርዝ፣ እስከ ወፍራሙ ድምፅ ጥግ ድረስ፣ ያለ ችግር ይወርዳል። ትልቁ ዲያፍራም ትልቅ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የራሱ ኖይዝ (ሽሽታ) ያንሳል። በጎን የሚመጣን ድምፅ ግን ቀለሙን ይለውጠዋል፤ ላይኛው ድምፅ ይቀንሳል። ለዘፋኝ ይሄ አይጎዳም፤ ዘፋኙ ፊት ለፊት ነው ያለው። እንዲያውም ለድምፅ አንድ የሚስማማ ሙላት ይሰጠዋል። ትንሹ ደግሞ ከፊትም ከጎንም የሚሰማውን በተመሳሳይ ቀለም ያቀርባል። ስለዚህ እንደ ፒያኖ፣ የክር መሣሪያና ሲምባል ላሉ ሰፋ ብለው ለሚሰሙ ነገሮች እሱን እመርጣለሁ።

ሥራችሁ መዝፈን ወይም መተረክ ከሆነ አንድ ትልቅ ውሰዱ። ሥራችሁ ጊታር ወይም ቫዮሊን ከሆነ ግን ትንሹን አስቡበት። ብዙ ሰው ትልቁን የሚፈልገው ፎቶ ላይ ስለሚያምር ይመስለኛል።

ወዴት ይሰማል

ካርድዮይድ ከፊት ይሰማል፣ ከኋላ አይሰማም። ኦምኒ ከሁሉም አቅጣጫ ይሰማል። ፊገር ኤይት ከፊትና ከኋላ ይሰማል፣ በሁለቱ ጎኖች ፈጽሞ አይሰማም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ማይኩ የሚሰማበትን ብቻ ያያል። እኔ የማየው የማይሰማበትን ነው።

የኮምፒውተሩ ፋን የሚጮኸው የት ነው? ካርድዮይድ ከሆነ የማይኩን ጀርባ በቀጥታ ወደዚያ አዙሩ። ፊገር ኤይት ከሆነ ጎኑን። ከካርድዮይድ ጠበብ አድርጎ የሚሰማው ሱፐርካርድዮይድ ከሆነ ደግሞ በትክክል ከኋላ አይደለም፤ ከፊቱ 126 ዲግሪ ገደማ ዞር ብሎ ነው የሚደነቁረው። ስለዚህ ፋኑን ወደ ጎን ወጣ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ፊገር ኤይት ዋጋው የሚታየው ጊታር እየመታ የሚዘፍን ሰው ሲመጣ ነው። አንዱን ማይክ አፉ ፊት አቆማለሁ፤ ከዚያ የማይኩ ደንቆሮ ጎን ወደ ጊታሩ እስኪያይ ድረስ አጋድመዋለሁ። ሁለተኛውን ለጊታሩ አድርጌ ደንቆሮ ጎኑን ወደ አፉ አዞራለሁ። በሄድፎን እየሰማሁ በጣት በጣት አንቀሳቅሳለሁ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ጊታሩ ከድምፁ ትራክ ውስጥ እልም ብሎ ይወጣል። ዘፋኙ አንገቱን እስካላወዛወዘ ድረስ ማለቴ ነው።

የካርድዮይድም የፊገር ኤይትም ጠባይ፣ ስትጠጉት ባስ መጨመር ነው። ድምፁ ቀጭን ለሆነ ሰው ጸጋ ነው። ድምፁ ወፍራም ለሆነ ሰው ደግሞ ጭቃ ይሆናል። ኦምኒ ይሄ ጠባይ የለውም፤ በትንፋሽም ቶሎ አይደናገጥም። ግን ጥሩ ክፍል ይፈልጋል።

ለመጀመሪያ ማይክ ብዙ አቅጣጫ የሚቀያየርበት ግዴታ አይደለም። በተመሳሳይ ገንዘብ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ማይክ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ካፕሱል ይዞ ይመጣል።

ወረቀቱን ማንበብ

ካርቶኑ ላይ «ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ» ይላል። ሁሉም ካርቶን ይላል። ምንም አይነግራችሁም፤ እለፉት።

ሴልፍ ኖይዝ የሚለውን ግን ፈልጉ። ምንም ድምፅ በሌለበት ማይኩ ራሱ የሚያወጣው ሽሽታ ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። የሮድ ኩባንያ ኤንቲ1-ኤ 5 ዲቢ ኤ (እንደ ሰው ጆሮ አሰማም የተስተካከለ ዴሲቤል) ነው። የኖይማን ቲኤልኤም 103፣ 7 ነው። የኖይማን ዩ 87 ኤአይ በካርድዮይድ 12 ነው። ከሦስቱ በጣም ውዱ የቱ ነው? ዩ 87። በዚህ ቁጥር ግን መጨረሻ የወጣው እሱ ነው። ሆኖም በኖይዙ ምክንያት ዩ 87ን የጣለ ስቱዲዮ አላየሁም።

ምክንያቱም ሌሊት ጸጥ ያለ መኝታ ቤት ራሱ 30 ዲቢ ኤ ገደማ ጫጫታ አለው። ክፍሉ 30 ከሆነ የማይኩ 5 ይሁን 12 ማን ይለየዋል? ቁጥሩ ዋጋ የሚያገኘው ክፍሉ በእውነት ጸጥ ያለ ሲሆን፣ የሚቀዳውም ነገር ለስላሳ ሲሆን ነው። በሹክሹክታ የሚነበብ ትረካ፣ ከአንድ ሜትር የሚቀዳ ክላሲካል ጊታር። ለእነዚህ ከ15 በላይ ባልሄድ ደስ ይለኛል። ጮክ ብሎ ለሚዘፍን ሰው ግን 20 ቢሆንም እንቅልፍ አይነሳኝም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዳንዱ አምራች ሴልፍ ኖይዝ በማለት ፋንታ ሲግናል ቱ ኖይዝ ብሎ ይጽፋል። ያንን ከ94 ላይ ቀንሱት፤ 87 ካለ ሴልፍ ኖይዙ 7 ነው። ሌላው የመለኪያው ዓይነት ነው። ሲሲአይአር በሚባለው መለኪያ ያው ቲኤልኤም 103 ከ7 ወደ 17.5 ይዘላል። ማይኩ አልተበላሸም፤ ሚዛኑ ነው የተለየው። የአንዱን በአንድ ሚዛን፣ የሌላውን በሌላ ሚዛን አታወዳድሩ።

ሴንሲቲቪቲ ማለት ለተመሳሳይ ድምፅ ማይኩ ምን ያህል ቮልት ያወጣል ማለት ነው። ቲኤልኤም 103 በአንድ ፓስካል (የድምፅ ግፊት መለኪያ) 23 ሚሊቮልት ያወጣል። ታዋቂው ዳይናሚክ የሹር ኤስኤም7ቢ 1.12 ብቻ ነው። ልዩነቱ 26 ዴሲቤል ይሆናል። ይሄ ጥራትን አያሳይም። የሚያሳየው የማይኩን ምልክት የሚያጎላው ፕሪአምፓችሁ ምን ያህል መልፋት እንዳለበት ነው። ለዚህ ነው ጌይኑ (የማጉላት አቅሙ) አነስ ያለ ኢንተርፌስ፣ ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ዕቃ፣ ከኮንደንሰር ጋር ተስማምቶ የሚኖረው፤ ዳይናሚኩ ላይ ግን የሚያቃስተው።

ማክሲመም ኤስፒኤል የሚለው ማይኩ ድምፁ ሳይቀደድ (ሳይሻክር) የሚችለው ጩኸት ነው። ዩ 87 ያለ ፓድ (ምልክቱን ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ) 117 ዴሲቤል ነው፤ ቲኤልኤም 103 ደግሞ 138። ለትረካ የሁለቱም ቁጥር ከበቂ በላይ ነው። ለጡሩምባና ለድራም ግን ከፍ ያለውን ፈልጉ፤ ወይም 10 ዴሲቤል የሚቀንስ የፓድ ማብሪያ ያለው ይሁን።

ማይኩ የትኛውን ድምፅ ከፍ፣ የትኛውን ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያሳየውን ግራፍም እዩት። በመጀመሪያ ግን የመስመሮቹን ርቀት እዩ። በመስመርና በመስመር መካከል 10 ዴሲቤል ከሆነ ማንኛውም ማይክ ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል። እኔ ዓይኔን የምጥለው ከ5,000 እስከ 12,000 ሄርዝ ባለው ላይ ነው። ብዙ ርካሽ ኮንደንሰር እዚያ ጉብታ አለው።

ያ ጉብታ ከየት መጣ

ይሄን ባታውቁትም ማይክ መግዛት ትችላላችሁ፤ እኔ ግን መናገር ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1960 ኖይማን ዩ 67 የሚባል ማይክ አወጣ። የዚያ ማይክ ካፕሱል በተፈጥሮው ላይኛውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ሆን ተብሎ ነው። ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ደግሞ ያንኑ ላይኛ ድምፅ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከድምፁ ጋር ሽሽታውም አብሮ ይወርዳል። ብልህ ዘዴ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ካፕሱሉ በየቦታው ተመስሎ ተሠራ። አስመስሎ መሥራት ቀላል ነው፤ ቅርጹ ይታወቃል። መልሶ የሚያወርደው ሰርኪዩት ግን ብዙ ርካሽ ማይኮች ላይ ተዘለለ። ውጤቱ እናንተ የምታውቁት ነው። መጀመሪያ ስትሰሙት «ዋው፣ ጥርት ያለ!» ትላላችሁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስትደርሱ እያንዳንዷ «ሰ» ጆሮ ትወጋለች። በአምስት ትራክ ስትደራርቡት ደግሞ አይቻልም።

አንድ መጽሐፍ ተራኪ ደንበኛ አለኝ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ የፊት ጥርሱ ላይ ትንሽ ክፍተት አለ። ደማቅ ማይክ፣ ማለትም ያ ጉብታ ያለው፣ ፊት ሲቀመጥ ወፍራምነቱ እንዳለ ይቀራል፤ «ሰ» እና «ጸ» ግን እንደ ፉጨት ይወጣሉ። ኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከያ) ብነካ ፉጨቱ ይቀንስና ቃሉ ይደበዝዛል። ለእሱ የማቆመው ላይኛው ረጋ ያለ፣ ግራፉ እምብዛም የማይዘል ማይክ ነው። ያንን 20 ሴንቲሜትር ላይ አድርጌ ከአፉ መስመር ትንሽ ወደ ጎን አወጣዋለሁ፤ ትንፋሹ በማይኩ ጎን እንዲያልፍ። ፉጨቱ የሚጠፋው ከምንም በላይ በዚያች ትንሽ ዞር ማለት ነው። በተቃራኒው ድምፅዋ ጭጋግ ያለበት፣ ለስለስ ብላ የምትዘፍን ልጅ ስትመጣ ያንን ደማቁን ማይክ አወጣላታለሁ። እሷ ጋ ልክ ነው።

ስለዚህ «ደማቅ» ሁሌ መጥፎ፣ «ረጋ ያለ» ሁሌ ጥሩ አይደለም። ግን የተለያዩ ሰዎችን የምትቀዱ ከሆነና አንድ ማይክ ብቻ ከሆነ የምትገዙት፣ ረጋ ያለውን ውሰዱ። የጎደለውን ብሩህነት በኢኪው መጨመር ይቀላል፤ የተቀዳ ፉጨትን ማውጣት ነው የሚያስቸግረው።

አወዳድራችሁ ስትሰሙ

ሱቁ ወይም ጓደኛችሁ ማይኩን ለአንድ ቀን ካዋሳችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሁለቱን ማይክ ጎን ለጎን፣ ካፕሱላቸው እኩል ቁመት ላይ አቁሙ። አንድ ጊዜ ተዘፍኖ ሁለቱም ይቅዱ። ሁለት ጊዜ ዘፍናችሁ ካወዳደራችሁ የምታወዳድሩት አዘፋፈኑን ነው።

ከዚያ የድምፃቸውን መጠን እኩል አድርጉ፤ ይሄን አደራ እላለሁ። ትንሽ ጮክ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል። በጆሮ ሳይሆን በሜትር አስተካክሉት። የፋይሎቹን ስም ለውጡና ሌላ ሰው ያጫውትላችሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አትወቁ።

ምን ትቀዳላችሁ? የራሳችሁን ዘፈን ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ቦታ ዝፈኑ። «ፖስታ፣ ፓስፖርት፣ ፒያኖ» በሉ፤ ትንፋሹ «ቡፍ» ማለቱን ያሳያችኋል። «ጸጸት፣ ሲሸሽ፣ ስስ» በሉ፤ ላይኛው ይፈተናል። ግማሽ ደቂቃ ዝም በሉ። ወደ ጎን እየዞራችሁ ተናገሩ፤ ድምፃችሁ ቀለሙን ምን ያህል እንደሚለውጥ ይሰማል። በመጨረሻ የቁልፍ ዘለላ ማይኩ ፊት አንኳኩ። ቁልፍ እጅግ ከፍ ያሉ ድምፆችን በቅጽበት ስለሚያወጣ፣ ደካማው ማይክ ቁልፎቹን አዋህዶ «ጭጭጭ» ያደርጋቸዋል። ጥሩው እያንዳንዱን ለየብቻ ያሰማችኋል።

ውሳኔውን ያን ዕለት አታድርጉ። ያ ጉብታ ያልኳችሁ ነገር ትኩስ ጆሮን ያታልላል። በማግስቱ፣ ድምፁን ከሙዚቃው ጋር አዋህዳችሁ ስሙት።

አብሮት የሚገዛው

ገንዘባችሁን ሁሉ ማይኩ ላይ አትጨርሱ። ከባድ ስታንድ፣ ሾክ ማውንት (ንዝረት ወደ ማይኩ እንዳይደርስ የሚያንጠለጥለው)፣ ፖፕ ፊልተር (ትንፋሽ የሚከላከል ወንፊት) እና ደህና የኤክስኤልአር ኬብል የግድ ናቸው። ቀላል ስታንድ ላይ ትልቅ ኮንደንሰር መስቀል ማይኩን ለመሬት መስጠት ነው። ፖፕ ፊልተሩን ማይኩ ላይ አትለጥፉት፤ ጥቂት ጣት ያህል አርቁት፤ ነፋሱ የሚበተነው በመካከሉ ባለው ቦታ ነው።

ኢንተርፌሳችሁ ሙሉ 48 ቮልት እንደሚሰጥ አረጋግጡ። በዩኤስቢ ብቻ የሚሠሩ አንዳንድ ትናንሽ ዕቃዎች ከዚያ በታች ይሰጣሉ፤ ማይኩ ይሠራል ግን ቶሎ ይቀደዳል ወይም ሽሽታው ይጨምራል። ዩኤስቢ ማይክ ብቻውን ለሚቀመጥ ተራኪ ይበቃል። ወደፊት ሁለተኛ ማይክ የምትፈልጉ ከሆነ ግን አትጀምሩት። ባለ ቲዩብ (በመስታወት አምፖል መሰል ማጉያ የሚሠራ) ማይክ የራሱ የኃይል ሳጥን ይዞ ይመጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው አልመክረውም።

ለስቴሪዮ ጥንድ የምትገዙ ከሆነ ሁለቱ አብረው የተለኩና የተጣመሩ ይሁኑ። ሁለት ካርድዮይድ በ17 ሴንቲሜትር ርቀት፣ በ110 ዲግሪ ከፍታችሁ ብታቆሟቸው የፈረንሳይ ሬዲዮ ሰዎች የተዉልን ኦአርቲኤፍ የሚባለው አቀማመጥ ነው። ለጊታርና ለትንሽ መዘምራን ከዚህ የሚቀል መንገድ አላውቅም።

አሮጌ ስትገዙና ስትይዙ

ያገለገለ ማይክ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል፤ ሳትሰሙት ግን አትክፈሉ። ሰክታችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ዝምታ አድምጡ። «ጠሽ… ጠሽ…» የሚል ካለ ካፕሱሉ እርጥበት ወይም ቆሻሻ አለበት። በባትሪ መብራት በወንፊቱ ውስጥ ካፕሱሉን እዩ፤ ነጠብጣብ፣ የምራቅ እድፍ፣ የተላጠ ወርቅ ካለ ተዉት። የታወቁ ማይኮች አስመስለው የተሠሩ ብዙ ናቸው። ዋጋው ከሚገባው በላይ ከወረደ፣ ሻጩም መለያ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ለመላክ ካቅማማ፣ አትሞኙ።

ማይኩን ለመሞከር «ፉ» አትበሉበት፤ በጣትም አትምቱት። ተናገሩበት። ከሥራ በኋላ በሳጥኑ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር አስቀምጡት። በየቀኑ የምትቀዱ ከሆነ ስታንዱ ላይ ተዉት፤ ግን ንጹሕ ፌስታል ከላይ አልብሱት፤ አቧራ የኮንደንሰር ጠላት ነው።

ስታበሩ ደግሞ በመጀመሪያ ስፒከሩንና ሄድፎኑን ዝቅ አድርጉ። ኬብሉን ስኩ፣ ከዚያ 48 ቮልቱን አብሩ፣ ማይኩ እስኪረጋ ትንሽ ጠብቁ፣ ጌይኑን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ስትጨርሱ ጌይኑን ዝጉ፣ 48 ቮልቱን አጥፉ፣ ውስጡ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ጥቂት ቆዩና ኬብሉን ንቀሉ።